ቅቤ የበላችው ሞተር

ቤትዎ ውስጥ ዘወትር ይሰማ የነበረ ድምፅ ድንገት ጠፍቶብዎት ያውቃል? የግድግዳ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የፍሪጅ ሞተርም ሊሆን ይችላል። ድምፁ እያለ ጆሮ አይሰጡትም። ሲጠፋ ግን "ምንድን ነው የጎደለው?" እያሉ ዙሪያዎን ይቃኛሉ። እኔ በተከራየሁበት ግቢ የጠፋው የውሃ ድምፅ ነበር። ከውሃው ድምፅ ጋር አንድ ሰውም አብሮ ሊጠፋብን ነበር።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስረዳ፤ ማስረዳት እንደምወድ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ። ተወልጄ ያደግሁት አኖ በምትባል የወለጋ ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩ ነጋዴ ስለሆኑ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ነው ያደግሁት። ነቀምቴ የመጣሁት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተርን ሰሌዳ ላይ ስስል ሽቦውን በቀይ፣ ማግኔቱን በሰማያዊ ጠመኔ እለያለሁ፤ ቀስቶቹን በማስመሪያ አሰምራለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን እንደ መግባባት እቆጥረው ነበር። እውነተኛ ሞተር ግን በእጄ ፈትቼ አላውቅም።

የተከራየሁት በአዴ አያንቱና በባለቤታቸው በኦቦ ቶለሳ ግቢ ውስጥ ነው፤ አዴ ወይዘሮ፣ ኦቦ አቶ እንደማለት ነው። ኦቦ ቶለሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነቀምቴ ጊምቢ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው በሕመም ሲጠፋ ግን ከመኝታ ክፍላቸው አልወጣም አሉ። ዘመድ መጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ ለመኑ። "ምን ለማየት ልወጣ ነው?" ይሉ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሐዋሳ የሚሠራው ልጃቸው ገመቹ አንድ የመስታወት የዓሣ ገንዳ በመኪና ጭኖ አመጣ። መንደሩ በሳቅ ሞተ። "ማየት ለተሳነው ሰው ዓሣ!" ገመቹ ግን ያመጣው ድምፁን ነበር። ገንዳው ውስጥ የምትሰጥም ጡጫ የምታህል ሞተር አለች፤ ውሃውን ከሥር ስባ ከላይ ታወርደዋለች። እንደ ትንሽ ምንጭ መንሿሿቱን አያቆምም። ኦቦ ቶለሳ አልጋቸው ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዳመጡና፣ "ይህ እኮ ዴዴሳ ነው" አሉ። የዴዴሳ ወንዝ ድልድይ ሥር መኪናቸውን አቁመው፣ ሞተር እስኪበርድ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ቦታ ነበራቸው። በማግስቱ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሳሎን ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከማለዳ ጀምሮ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። ለሁለቱ ቀያይ ዓሦች ስም ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። ትልቁ "ሾፌሩ"፣ ትንሹ "ረዳቱ"።

"ለምን ረዳት ብለው ሰየሙት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ያለ ረዳት የትኛው ሾፌር ነው ዳገት የወጣ?" አሉኝ።

ነገሩ የሆነው በነቢያት ጾም፣ የታኅሣሥ ብርድ ነቀምቴን በያዛት ሰሞን ነው። ሐሙስ ጠዋት ድምፁ አልነበረም። ዓርብ ኦቦ ቶለሳ ከክፍላቸው አልወጡም። ምሳ ቀርቦ አዴ አያንቱ "ኮታ፣ ና ውጣ፣ ምሳው በረደ" ሲሏቸው በግድግዳው በኩል መልሳቸውን ሰማሁት።

"ዴዴሳ ደርቋል። ለምን እወጣለሁ?"

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አዴ አያንቱ ናቸው፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጣጥፏል፤ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ነው።

"አካም ቡልቴ፣ ባርሲስቱ?" አሉኝ፤ እንደ ተማሪዎቼ ሁሉ መምህርት እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

"ናጋ፣ አዴ። ደህና አደሩ?"

"አንቺ ፊዚክስ ነው አይደል የምታስተምሪው?"

"አዎ፣ ፊዚክስ ነው።"

"ፊዚክስ ሞተር ያክማል?"

ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

"ሠራተኛ አልጠሩም?"

"ጠራሁ እንጂ! ኡኬ ከተማ ሰርግ ሄጃለሁ፣ ሰኞ እመጣለሁ አለ። 'እሷ ግን ተቃጥላለች፣ ጣሏት' ብሎ ዘጋው። ገበያውን ሁሉ ዞርኩ፤ የውሃ መሳቢያ ትልልቁ አለ፣ የዓሣ የሚባል የለም። ሁለት ቀን ነው ቶለሳ እህል በደንብ ያልቀመሰው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ዓሦቹ ከሞቱ ደግሞ እሱን ማን ያወጣልኛል?"

ሳሎን ገባሁ። ሾፌሩና ረዳቱ ከውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ይህን ምልክት ልብ ይበሉ። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን አየር ነው፤ ውሃው ካልተናወጠ አየሩ እያለቀ ይሄዳል፣ ዓሣውም አናት አናቱን መፈለግ ይጀምራል። እስከ ሰኞ የሚቆዩ አይመስሉም ነበር።

ጆሮዬን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ ሞተሯን አዳመጥኳት። "ዝዝዝ" ትላለች። ውሃ አትስብም፤ ግን ዝም አላለችም።

"አዴ፣ ሰውዬው ተሳስቷል። አልተቃጠለችም" አልኩ።

"በምን አወቅሽ?"

"የተቃጠለ ሞተር አያጉረመርምም። ይህቺ መዞር ፈልጋ የሆነ ነገር ይዟታል። ታስራለች እንጂ አልሞተችም።"

አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነበር ያልኩት፤ ስናገረው ግን እርግጠኛ ሆንኩ። ያስተማርኩት ትምህርት ራሱ መልሶ ያስተማረኝ ያህል ነበር። እጄን ከማስገባቴ በፊት ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ይህ ሳይደረግ ማንም ሰው እጁን ውሃው ውስጥ አይክተት። ከዚያ ለአዴ አያንቱ ኩባያ ሰጠኋቸው።

"ከገንዳው ይቅዱና ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። እስክጨርስ ድረስ አያቁሙ።"

ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ትሪ አስቀመጥኩ። ሥርዓት እወዳለሁ። ከሞተሯ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲደረደር ወሰንኩ። የፊት ወንፊቷ ወጣች። ክዳኗ ትንሽ ስትጠመዘዝ ተከፈተች። ቀጥሎ መውጣት ያለባት መዘውሯ ናት፤ ይህቺ መዘውር ከማግኔት የተሠራ ጭራ አላት፣ በቀጭን ዘንግ ላይ ትሽከረከራለች። ከሽቦው ጋር በጭራሽ አትገናኝም፤ ሽቦው ታሽጎ ደረቅ ቦታ ነው ያለው፣ በማግኔትነቱ ብቻ ከሩቅ ያዞራታል። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ!

መዘውሯን ሳብኳት። እምቢ አለች። በጥፍሬ ብሞክርም እምቢ አለች። ጣቴን ሳየው ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። ዝገት መሰለኝ፤ ዝገት ግን እንዲህ አይለሰልስም። አሸተትኩት። የማውቀው ሽታ ነው፤ በጾም ወር የማይሸተት ሽታ።

"አዴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

ኩባያው በአየር ላይ ቆመ። "ምኑ?"

"ሞተሯ ውስጥ ያለው።"

"ቅባት ነዋ!"

"ምን ዓይነት ቅባት?"

"ባለፈው ረቡዕ ማንቋረር ጀመረችና ገመቹ ጋ ደወልኩ። 'እማ፣ ትንሽ ቅባት ቀቢያት' አለኝ። ቀባኋታ!"

"በምን?"

አዴ አያንቱ ሁለት ጊዜ ሁለት ስንት ነው የተባሉ ያህል አዩኝ። "በዸዻ ነዋ! በለጋ ቅቤ! ከቅቤ የበለጠ ቅባት አለ እንዴ? ያውም ከጉቴ የመጣ፣ ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩትን። ሁለት ማንኪያ ሙሉ ሰጥቻታለሁ።"

ስልኬን አውጥቼ ለገመቹ ደወልኩና ድምፁን ለሁላችን ከፍቼ የቅቤውን ነገር ነገርኩት።

"እማ! ሲሊኮን ቅባት ማለቴ ነው እኮ! ጎማዋ ላይ የሚቀባ!"

"ሲሊኮን የሚል ቃል ከአፍህ አልወጣም!"

"ቅቤ ታደርጊያለሽ ብዬ እንዴት አስባለሁ?"

"ወለጋ ተወልደህ ቅባት ሲባል ቅቤ ካልመጣልህ ሐዋሳ አበላሽታሃለች ማለት ነው!"

ያን ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነበር። ኦቦ ቶለሳ እየሳቁ ነው።

"ያ አያንቱ!" አሉ በግድግዳው በኩል፤ "ለእኔ ጩምቦ ላይ በጣት ጫፍ እየለካሽ ለሞተር በማንኪያ!"

ጩምቦ የወለጋ ሰው ለክብር እንግዳ በቅቤ የሚያርሰው ዳቦ ነው። አዴ አያንቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቀኝም። እኔም "አዴ፣ የነቢያት ጾም ላይ እስከ ክርኔ ቅቤ አስነከሩኝ እኮ" ስላቸው፣ "ጌታ ያውቃል፤ አልበላሽም፣ ሠራሽበት" ብለው ፈረዱልኝ።

አሁን ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ፤ ላስረዳዎት። ሞተሯ ስትሠራ ስለምትሞቅ ረቡዕ ቀን ቅቤው ለስልሶ አብሯት ዞረ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ሞተሯ ቆመች፣ ውሃው በታኅሣሥ ብርድ ቀዘቀዘ፣ ቅቤውም መዘውሯን ይዞ ረጋ። ሐሙስ ጠዋት መብራት ሲመጣ ሞተሯ እንደ ታሰረ በሬ ታጓራለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። ሌላም ጉዳት ነበረው፤ ያመለጠው ቅቤ በውሃው አናት ላይ እንደ ሾርባ ክብ ክብ እየሠራ ተንሳፍፏል። ያ ስስ ቅባት አየር ወደ ውሃው እንዳይገባ ከልክሏል። ዓሦቹን ያፈናቸው የሞተሯ መቆም ብቻ አልነበረም።

ሶፍት ዘርግቼ በውሃው ላይ አነጠፍኩ። ሶፍቱ ቅባቱን ጠጥቶ ከበደ፤ አነሳሁት፣ ሌላ አነጠፍኩ። ይህን ስሠራ አዴ አያንቱ ሙቅ ውሃ ማምጣት ነበረባቸው። ታዲያ ኩባያውን ማን ይያዝ?

የመኝታ ክፍሉን በር አየሁት። ኦቦ ቶለሳን "ይውጡ" ያላላቸው ሰው አልነበረም። "ይርዱን" ሲላቸው የሰማሁት ሰው ግን የለም።

"ኦቦ ቶለሳ!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ "ሾፌሩ ትንፋሽ አጥሮታል። እኔ እጄ ቅቤ ነው፣ አዴ እሳት ላይ ናቸው። ኩባያ የሚይዝ ሰው አጣሁ።"

ዝምታ ሆነ። ይህን ዝምታ እንደ መግባባት አልቆጠርኩትም። አዴ አያንቱ ማድ ቤቱ በር ላይ ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ አልጋው ተንቋቋ። መዳፍ ግድግዳ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ኦቦ ቶለሳ ጋቢያቸውን እንደደረቡ በሩ ላይ ቆሙ።

"ኩባያው የት ነው?"

ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ግራ እጃቸውን ከገንዳው ጠርዝ ላይ አኖርኩላቸው፤ በቀኛቸው ኩባያውን ሰጠኋቸው። ቀዱ፤ ከፍ አደረጉ፤ አፈሰሱ። ውሃው ሲወርድ ያን የጠፋውን ድምፅ አሰማ። እጃቸው ለአንድ አፍታ ቆመ።

"ደግሜ ላፍስ?"

"እስክጨርስ ድረስ አያቁሙ፣ ኦቦ።"

"ዳገት ነው በይኛ" አሉና ቀጠሉ።

ሙቅ ውሃው መጣ። ፈልቶ የተንተከተከ ሳይሆን እጅ የሚችለው ሙቀት መሆን አለበት፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኳን ያጣምማታል። ሞተሯን ነከርኳት። ቅቤው ቀስ እያለ ቀልጦ ተንሳፈፈ። መዘውሯን ሳብኳት፤ ማግኔቱ ወደ ውስጥ ጎተተኝ፣ እኔም ወደ ውጭ ጎተትኳት፤ በመጨረሻ "ቱፍ" ብላ ወጣች። እንደ ጥርስ ነቃይ ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

"እልል!" አሉ አዴ አያንቱ። ወዲያው ሳሙና ይዘው መጡ።

"አይሆንም! ሳሙና ቢተርፍባት ዓሦቹን ይገድላል።"

"እንግዲያ ቅቤ በምን ይለቃል?" ብለው ራሳቸውን ጠየቁና ራሳቸው መለሱ። "የቅቤ ዕቃ በምን ነው የማጥበው? በሽምብራ ዱቄት! ቅቤውን ይጠጣዋል።"

ፊዚክሱም ያስኬዳል፤ ደረቅ ዱቄት ቅባት ይመጥጣል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በዱቄት አሽተን፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገን፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅን። ትሪው ላይ መልሼ ስደረድራቸው ግን አንድ ቦታ ባዶ ሆነብኝ። ከመዘውሯና ከክዳኗ መካከል የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ጎማ ነበረች፤ የዘንጉን ጫፍ የምትይዝ። ያለ እሷ መዘውሯ እየተንገዳገደች ግድግዳዋን ትመታለች።

"አዴ፣ አንዲት ጎማ ጠፍታለች።"

"ወለሉ ላይ ይሆናል።"

ወለሉ ላይ የለችም። ውሃ ውስጥ የለችም። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። አዴ አያንቱ "ማሎ፣ ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳን!" ብለው ወደ ላይ አዩ። ኦቦ ቶለሳ ብቻ ምንም አልጎደለባቸውም፤ ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ።

"ምን ፈለጋችሁ?" አሉ።

"ጎማ ጠፋ።"

"መለዋወጫ የሚጠፋው መጨረሻ የተሠራበት ቦታ ነው። መጨረሻ ምን ሠራችሁ?"

አዴ አያንቱና እኔ ተያየን። "ዱቄቱ!" አልን እኩል። ወንፊት መጣ። የሽምብራው ዱቄት እንደ ደመና ሳሎኑን ሞላው፤ አስነጠሰን። ዱቄቱ አልቆ ወንፊቱ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ስትዘል አዴ አያንቱ አፈፍ አደረጓት።

"ነፋሁሽ!" አሏት ጎማዋን።

ሁሉንም በተራው መልሼ ገጠምኩ። መዘውሯ በጣቴ ስትነካ ያለ ምንም ችግር ዞረች። መብራት ግን የለም። ከሰዓት በኋላው ሁሉ እንዲህ አለፈ፤ እኔ ሶፍት አነሳለሁ፣ ኦቦ ቶለሳ ያፈሳሉ። "ላግዝዎት" ስላቸው "መሪ በመንገድ ላይ አይሰጥም" አሉኝ። ደግሞም ዝም ብለው አልነበረም። ስለ ዴዴሳ ድልድይ፣ ስለ ጊምቢ ዳገት፣ ፍሬን እምቢ ያላቸው ዕለት ስላደረጉት ነገር አወሩልን። አዴ አያንቱ በጆሮዬ፣ "ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ስለ መኪና ሲያወራ ዛሬ ገና ሰማሁት" አሉኝ። ከውሃው አናት ላይ ረዳቱ መጀመሪያ፣ ሾፌሩም ተከትሎ ወደ ሥር ወረዱ።

ሊመሽ ሲል መብራት መጣ። ሞተሯን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ እጄን ከውሃው አወጣሁ፣ አደረቅሁ፣ ሶኬቱን ሰካሁ።

"ዝዝዝ" አለች። ከዚያ አንዴ አስነጠሰች፣ አረፋ ተፋች፣ ውሃውም ከላይ ወረደ። አዴ አያንቱ እልልታቸውን አቀለጡት።

ኦቦ ቶለሳ ግን ኩባያቸውን አላስቀመጡም።

"ኦቦ፣ ተነሥታለች እኮ። አሁን ይረፉ" አልኳቸው።

"ማረፍ ያለባት እሷ ናት" አሉ። "ቅቤ የጠጣ ሰው ወዲያው አይሮጥም። ሶኬቱን ንቀይላት፤ እኔ ትንሽ ልንዳ።"

ነቀልኩት። የዚያን ምሽት ሳሎኑ ውስጥ የዴዴሳን ድምፅ ያሰሙት እሳቸው ነበሩ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ቅዳሜ በእኔ ሕይወት ላይ ምን ለወጠ? ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ጠመኔውን ከማንሣቴ በፊት ተማሪዎቼን "ቅባት ስላችሁ ምን ይታያችኋል?" ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ ቅቤ አለች። አንዱ ግሪስ አለ። ሌላዋ የቤተ ክርስቲያን ሜሮን አለች። አንደኛው ደግሞ "ቅባት ያለበት ዘማሪ" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔ አንድ ቃል ስናገር እነሱ አራት ነገር ይሰሙ ኖሯል፤ ያ ጸጥታም መግባባት አልነበረም። ከዚያ የተበላሸ ቬንትሌተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መፍቻውን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አንድም ቀን ለማትናገር ልጅ ሰጠኋት። ዛሬም ማስረዳት እወዳለሁ፤ መፍቻው ግን ከእኔ እጅ ይልቅ በእነሱ እጅ ይቆያል።

የኦቦ ቶለሳ ለውጥ ግን ከእኔ ይበልጣል። በእኛ ከተማ መብራት መጥፋቱ አልቀረም፤ ሲጠፋም ሞተሯ ትቆማለች። ድሮ ድምፁ ሲቆም እሳቸው ወደ መኝታ ክፍል ይገቡ ነበር። አሁን ድምፁ ሲቆም "ኩባያዬን!" እያሉ ይወጣሉ።

እንግዲህ እርስዎም ይሞክሩት። ቤትዎ ውስጥ የቆመች ነገር ካለች፣ "ተቃጥላለች" ብለው ከመጣልዎ በፊት ጆሮዎን ያስጠጉ። ካጉረመረመች ታስራ ይሆናል። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ዕቃዋን በተራ ይደርድሩ፣ ምን ቀብተዋት እንደነበርም ያስታውሱ። ከሁሉ በፊት ግን በዚያው ቤት ውስጥ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ "ውጣ" አይበሉት። ኩባያ ይስጡት።